እማ ሙዚየም ገባች

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ሙቀቱ አያስቀምጥም። ሱቁ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ትኩሱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ከማመላለስ በቀር ሥራ የለውም። ጠዋት አንድ ሰውዬ የተቀመጠበትን መነጽር ይዞ መጣ። «ትንሽ ተጣሟል» አለኝ። ትንሽ? አንዱ ዘንግ ሰማይ፣ አንዱ ዘንግ ምድር ያያል። በሞቀ አየር አለስልሼ፣ ቀስ ብዬ መልሼ፣ ጆሮው ላይ ለክቼ ሰጠሁት። ላቤ መስታወቱ ላይ ጠብ ብሎ ኖሮ «ንጽሕና የለም እንዴ እዚህ ቤት?» ብሎኝ ሄደ።

ከምሳ በኋላ አለቃዬ እንደገና መጣ። «እህስ? ምን ወሰንሽ?» የሚለው ከወራት በፊት ስላነሳልኝ አዲስ መነጽር ቤት ነው። ሌላ ከተማ፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ። ኃላፊ ሆኜ እንድሄድለት ይፈልጋል። የዓይን መመርመሪያ ክፍል አለው፣ መሣሪያው ገና ላስቲኩ አልተፈታም፣ ፎቁ ላይ ደግሞ ለኔ መኖሪያ። እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ መልስ ስጪኝ አለ።

ምን መልስ አለኝ? እማን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው? አልሄድም እለዋለሁ። ያለቀ ነገር ነው። ታዲያ ዛሬውኑ ለምን አላልኩትም...

ቤት ስገባ እማ በረንዳ ላይ ሆና ከማሙሽ ጋር በስልክ ታወራለች። ወንድሜ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶት እስካሁን ማሙሽ ነው። በየቀኑ ትደውልለታለች። እኔ ብቅ ስል ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ከዚያ ዘጋች።

«መጣሽ?»
«መጣሁ።»
«ሙቀቱስ?»
«ይሞቃል።»

በቃ፣ የኛ ጨዋታ ይቺው ናት። እሷ ወደ ቴሌቪዥኗ፣ እኔ ወደ ድስቴ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

የቤታችንን ነገር ለሌላ ሰው ባስረዳ ማን ያምነኛል? እማ ከኔ የምትፈልገውን ለኔ አትነግረኝም። ፀጉሬን ባሳጠርኩ ጊዜ ለጎረቤታችን ለጡረተኛዋ አስተማሪ ነገረች፤ አስተማሪዋ በር ላይ አስቁመውኝ «ብታሳድጊው ያምርብሻል» አሉኝ። ፍሪጁ ማርጀቱን ልትነግረኝ ለማሙሽ ደወለች፤ ማሙሽ ለኔ ደወለ። ያን ጊዜ ፍሪጁ አጠገቤ ነበር። እማም ፍሪጁን ተደግፋ ቆማለች። ስልኬ ሲጮኽ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሁልጊዜ መልእክቱ መጨረሻ ላይ ያቺ ነገር አትቀርም፦ «እኔ አልኩ ግን እንዳትል።» ግን ሁሉም ይላል። «እማ ናት ያለችው፣ እሷ አለች እንዳልልሽ ብላኛለች» ነው የሚሉኝ። አባቴ በሕይወት እያለ መልእክተኛው እሱ ነበር። ልቡን አውልቃው ነው የሞተው።

የዛሬው በአስተማሪዋ በኩል የመጣ ነው። ሾርባው ጨው በዝቶበታል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ማሙሽ ደወለ። ሥራው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገብቷል። ድምጹ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ፣ መቼም ወንድሜ ነው። ሥዕል ይስላል ብለን ነበር ያስተማርነው፤ እሱ ግን ብሩሽ ከያዘ ዘመን ሆኖታል። ባለፈው ዓመት የተሰበሩ ወንበሮችን በገመድ ከጣሪያ ሰቅሎ «ዕረፍት» አላቸው። ክፍሉ ውስጥ ግን ቁጭ የሚባልበት አንድ ነገር አልነበረም፤ ቆሜ ማብራሪያውን ስሰማ እግሬ አበጠ።

«የአሁኑ ምንድን ነው?» አልኩት።
«መጥተሽ ስሚው፣ እትዬ።»
«ይሰማል እንጂ አይታይም?»
«መጥተሽ ስሚው አልኩሽ። እማ ግን እንዳታውቅ።»
«ለምን?»
«በቃ እንዳታውቅ።»

ምን ጉድ ነው ደግሞ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከሥራ ወጥቼ በዚያ በሚጠብሰው ፀሐይ ሄድኩ። አውቶቡሱ መስኮቱ አይከፈትም። ሙዚየሙ በር ላይ ደግሞ ሰልፍ፣ ያውም ጥላ የሌለበት። ፈታሿ የውሃ ጠርሙሴን ቀማችኝ። «ሥራዎቹን ያበላሻል።» ጥም እኔን ሲያበላሸኝ ማንም ግድ የለውም። ውስጥ ይቀዘቅዛል ተብሎ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ግን ከመግቢያው አዳራሽ አላለፈም፤ የቀረው ተበላሽቶ በካርቶን ላይ ይቅርታ ጠይቀዋል።

አንድ ክፍል ውስጥ የብረት ባልዲ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን ሰዎች ከበውታል። አንዷ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገች። የጠፋ ነገር ያለ ይመስል ጎንበስ ብዬ ውስጡን አየሁ። ባልዲ ነው። የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ አንድ ሰውዬ ቪዲዮ ላይ ይተኛል። ሙሉውን ይተኛል። እኔ ከሌሊት ጀምሮ እማን መድኃኒት ሳስውጥ፣ ልብስ ስተኩስ፣ ሰው በተኛ ይከፈለዋል።

የማሙሽ ክፍል መጨረሻው ላይ ነው። ጥቁር መጋረጃ ገለጥ አድርጌ ገባሁ። ድቅድቅ ጨለማ። ሰዎች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ...

«ቧንቧውን ደግሞ ዘጉት። ሳይናገሩ ነው የሚዘጉት። ሳሙናው ፊቴ ላይ እንዳለ ቀረሁልህ።»

እማ ናት። የኔዋ እማ። ከአራቱም ግድግዳ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትደውልለት ይቀዳት ኖሯል! የራሱን ድምጽ ቆርጦ አውጥቶታል። እሷ ብቻ ትጠይቃለች፣ ዝም ይላል፣ ራሷ ትመልሳለች። «በላህ?... አልበላህም። አውቃለሁ አልበላህም።» ሰዉ ሳቀ። ስለ አስተማሪዋ ጥርስ አወራች፤ ሳቁ። ስለኔ ሾርባ አወራች፤ ከሁሉም በላይ ሳቁ። ፊቴ ነደደ። ጨለማ ባይሆን ምን ይውጠኝ ነበር።

ልወጣ መጋረጃውን ስይዝ ነው የሰማሁት። ቃል በቃል ልጽፈው፣ መቼም አልረሳውም፦

«ማሙሽ፣ እየሰማኸኝ ነው?... እህትህ ሥራ አግኝታለች። ሌላ ከተማ። ለኔ ትንፍሽ አላለችም፤ አስተማሪዋ መነጽር ሊያሠሩ ሄደው ከአለቃዋ ሰምተው ነው። እኔን ትቶ መሄድ አቅቷት ነው አፏን የዘጋችው። ሂጂ ብላት አባረረችኝ ትላለች። ዝም ብላት ደግሞ እዚሁ እኔን ስታስታምም ልትሸብት ነው። አንተ ንገራት። ትሂድ በላት። እኔ አልኩ ግን እንዳትል።... ሰማኸኝ?... ማሙሽ?... ኧረ ይሄ ልጅ...»

አንዲት ወጣት «ኧረ ይሄ ልጅ» የምትለዋን አስመስላ ደገመችና ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸመቻት። እማ ወደ ቲማቲም ዋጋ አለፈች።

ታውቃለች። እማ ታውቃለች። ነግራውም ነበር። እሱ ደግሞ ለኔ መንገር ሲገባው... ሙዚየም አስገባው። ከተማው ሁሉ ሲሰማ የቀረሁት እኔ ነኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 9

ለማሙሽ ደውዬ ያልኩትን እዚህ መጻፍ አልፈልግም። የሱን መልስ ግን ልጻፈው፣ ወደፊት ሳስታውሰው ፈጥሬው እንዳይመስለኝ።

«እትዬ፣ መልእክት መሆኑን እኮ ረስቼው ነው።»
«ንገራት ስትልህ ምን መሰለህ?»
«ያን ጊዜ ድምጿን ነው የማዳምጠው... የምትለውን ሳይሆን ዜማውን።»
«ዜማውን?»
«ስታቆም፣ ስትጠብቅ፣ ያ ዝምታ...»
«ዝምታው ያንተ ነው! አልመለስክላትም እኮ!»
«እሱን ነው ሥራው የሚለው፣ እትዬ። ገብቶሻል።»

ደሜ ፈላ። ዘጋሁበት። የተማረ ደንቆሮ።

እማ ጓዳ ሆና ሰምታለች። «ማን ነው ያስቆጣሽ?» አላለችም። ትንሽ ቆይታ «ሻይ አለ» አለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

ታዲያ ለምን አልጠይቃትም? ቀላል ነገር ነው። «እማ፣ ብሄድ ትወጃለሽ?» አምስት ቃል አትሞላም። ጠዋት ቁርስ ላይ ጀመርኩ። «እማ...» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ስኳሩን አቀብይኝ» አልኩ። ስኳር አልጠቀምም።

በስልክ ያለችው የምሯን ነው? ወይስ በሱ ፊት ደግ መስላ ለመታየት? ትሂድ ብላ አልቅሳ ይሆን? ማሙሽ ልቅሶውን ቆርጦት ቢሆንስ? ያ ልጅ ምን እንደማይቆርጥ አላውቅም። እኔ ከሄድኩ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት ማን ይነሳል? ደግሞስ እኔ መሄድ እፈልጋለሁ? ... እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት። በጣም እፈልጋለሁ። ያን ያልተፈታ መሣሪያ በእጄ መፍታት እፈልጋለሁ።

ማታ ወደ አስተማሪዋ ቤት አመራሁ። «እስቲ እማን እንደዋዛ ጠይቀው ይንገሩኝ፣ እኔ አልኩ ግን እንዳይሉ» ልላቸው። በራቸው ላይ ስደርስ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባኝና ተመለስኩ። በራሴ አፈርኩ። ለካ እኔም የሷው ልጅ ነኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

አስተማሪዋ በር ላይ አስቆሙኝ። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ጋር ሙዚየም ሄዳ የእማን ድምጽ ለይታ አወቀችው። ተመልሳ ለአያቷ፣ አያቷ ለእማ።

«ታዲያ እማ ምን አለች?» አልኳቸው።
«መሄድ ትፈልጋለች። አንቺ እንድትወስጃት። እሷ አለች እንዳልልሽ ብላኛለች።»
«እማ እኮ አሁን ቤት ናት። አሥር እርምጃ አትሆንም።»
«እኔ ምን ላድርግ፣ ልጄ? ጥርሴንም ለከተማው አውጃዋለች አሉ።»

ገባሁ። እማ ቴሌቪዥን ታያለች። «ቅዳሜ ከሥራ በኋላ የምሄድበት አለ፤ አብረሽኝ ብትሄጂ ደስ ይለኛል» አልኩ፣ ለግድግዳው። «ከፈለግሽማ...» አለች፣ ለቴሌቪዥኑ።

ዓርብ፣ መጋቢት 14

አለቃዬን እስከ ሰኞ ለመንኩት። ፊቱን አጠቆረ። ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው እንዳለ ነገረኝ። እሺ አለ፣ ግን ከሰኞ እንዳታልፊ አለኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 15

ከሁሉም የባሰው የሙቀት ቀን። አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። እማ ደግሞ ሰርግ ቤት ብቻ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ ወጣች። «ያሳምምሻል» አልኳት። አውቶቡስ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

ሰልፉ ላይ ጃንጥላ ያዝኩላት። ፈታሿ የመድኃኒት ቦርሳዋን ስትበረብር እማ «እናት የለሽም አንቺ?» አለቻት። ውስጥ ገብተን የማታዝንበት ነገር አልነበረም። ባልዲውን አይታ «እዚህ ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው» አለች፤ ቀና ብላ ጣሪያውን ፈለገች። የተኛውን ሰውዬ አይታ ደግሞ ድምጿን ቀነሰች፣ እንዳትቀሰቅሰው። በየክፍሉ እየቆመች ታርፋለች። ትንፋሿ ያጥራል። «እንመለስ?» ባልኩ ቁጥር ክንዴን ለቅቃ ትቀድመኛለች። 

ጨለማው ክፍል ደረስን። አንድ ወጣት ቦታውን ለቆላት ጥግ ያለችው ዝቅተኛ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ወለሉ ላይ። ድምጿ መጣ። «ቧንቧውን ደግሞ ዘጉት...»

መጀመሪያ ከራሷ ጋር ተጣላች። «እንዲህ ነው እንዴ የማወራው? ጉሮሮዬ ምን ሆኖ ነው?» ከዚያ «ይሄን አላልኩም» አለች። ብላለች። ቀጥላ «የሱ ድምጽ የት አለ? ብቻዬን የምለፈልፍ አስመሰለኝ እኮ!» ከፊታችን ያሉት ዞሩ። ጨለማው ውስጥ ሁለቱ ድምጾች፣ የግድግዳውና የጎኔ፣ አንድ መሆናቸው ሲገባቸው እየተንሾካሾኩ ስልካቸውን አወጡ። «አጥፉት» አልኳቸው። በጣም ሳልጮህ አልቀርም፤ ሁሉም አጠፉት።

ከዚያ ያቺ ቦታ መጣች። «ማሙሽ፣ እየሰማኸኝ ነው?...»

ሁለታችንም ፊት ለፊት፣ ምንም ወደማይታይበት ግድግዳ ተተክለን ሰማን። አባረረችኝ ትላለች... ልትሸብት ነው... ትሂድ በላት። አንዲት ቃል አልቀረችም። ጉልበቷ ትከሻዬን ነክቶኛል፤ አላነሳችውም። አልቅሻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ቲማቲሙ ላይ ሲደርስ ተናገረች።

«ሰማሽ?»
«ሰማሁ።»
«ድሮ አልነገረሽም?»
«አልነገረኝም።»
«እኔ እኮ ሰምተሽ የተውሽው መስሎኝ ነበር። ከኔ አልለይም ያልሽ። እንዳላስቸግርሽ ብዬ እኮ ነው ወሬ የቀነስኩት...»

ወሬ የቀነሰችው ለዚያ ነው! እኔ ጠልታኝ፣ ሰልችቻት ነው እያልኩ ስንት ቀን ከድስቱ ጋር ስጣላ! እዚያው ጨለማ ውስጥ ትዕግስቴ አለቀ።

«እማ፣ ታዲያ አንቺው ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቤት እኮ ነው ያለነው! አሁንም ቢሆን ንገሪኝ። ባፍሽ።»
«ነገርኩሽ እኮ። በአራት ግድግዳ ነገርኩሽ። ከዚህ በላይ ምን ልጩህ?»
«እሱ ለማሙሽ ነው።»

ቲማቲሙ አለቀ፣ «ቧንቧውን ደግሞ ዘጉት» ብሎ እንደገና ጀመረ።

«ይደገማል እንዴ ይሄ ነገር?» አለች።
«እስከ ማታ ይደጋገማል።»
«እንግዲያው ቆይተን ድጋሚ እንስማው። በደንብ ያልሰማሽ ትመስያለሽ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህቺ ሴት በአፏ ሁለት ቃል ከምትለኝ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጫማ፣ ዙሩን ሙሉ ጠበቀች። ያቺ ቦታ ስትመጣ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 17

እሺ አልኩት። አለቃዬ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ማሙሽን ጠርቼ ቅድመ ሁኔታውን ነገርኩት። የመጣው ይምጣ፣ ከእማ ጋር የሚኖረው እሱ ነው። መድኃኒቱን፣ ሌሊቱን፣ ጨው የማይበዛበትን ሾርባ። ይከራከረኛል ብዬ ወገቤን ታጥቄ ነበር፤ አልተከራከረም። «በቀጥታ ስታናግረኝ እንዴት እንደምትሆን ለማየት...» ሲል አቋረጥኩት። መቅጃ ይዞ ቤቱ ከገባ የሙዚየሙን ባልዲ እኔ ራሴ እደፋበታለሁ አልኩት።

እሑድ፣ መጋቢት 30

ሻንጣዬን ሳስር እማ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ፎጣ አጣጥፋ ሰጠችኝ። ሌላ ፎጣ አምጥታ ጨመረች። ሦስተኛ ይዛ ስትመጣ «እማ፣ እዚያም ፎጣ ይሸጣል» አልኳት። «ይሸጣል» ብላ አስገባችው። ያለችኝ ይኸው ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 21

እዚህም ይሞቃል፣ እንዲያውም ይብሳል። ከሁለቱ ሠራተኞች አንዱ መነጽር ሲያስተካክል ምላሱን ያወጣል፤ ደንበኛ ፊት እንዳታደርገው ብዬ ብለምነው ይብስበታል። መሣሪያው ግን... ላስቲኩን ራሴ ፈታሁት። ሰው አገጩን አስደግፎ ዓይኑን ሲያሳየኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ለማንም አልተናገርኩም።

እማ በየቀኑ ትደውላለች። አሁን ባለ ተራዋ እኔ ነኝ። ስለ ቧንቧው፣ ስለ አስተማሪዋ፣ ከሁሉም በላይ ስለ ማሙሽ። ድስት አያጥብም፣ መብራት አያጠፋም። «ንገሪው፣ እኔ አልኩ ግን እንዳትዪ።» እሱ እኮ ጎኗ ተቀምጧል፣ ሲያኝክ ይሰማኛል! አንዳንዴ ሰልችቶኝ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሥራዬን እሠራለሁ። «እሺ... እሺ እማ...» ማሙሽ ይህችን ቢሰማ ይሥቅብኝ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ደወለች። እንደተለመደው ቧንቧው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ዝም አለች። «እማ? እየሰማሁሽ ነው» አልኩ።

«ናፍቀሽኛል» አለችኝ። ዘጋች።

ለኔ ነው ያለችው። በቀጥታ። የተሳሳተ ቁጥር የደወለች መስሎኝ ስልኩን አየሁት። መልሼ ደወልኩ፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ይጠፋል? ሦስተኛው ላይ ማሙሽ አነሳው።

«እትዬ፣ ምን ብለሻት ነው? ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውራ ጓዳ ገባች።»
«ስጣት።»
«አልመጣም ትላለች። ምን ልበልልሽ?»
«ምንም አትበልልኝ። ስልኩን ስጣት፣ አንተ ደግሞ ውጣ።»

በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ «ሃሎ» አለች፣ እንደማያውቀኝ ሰው። እኔንም እንደናፈቀችኝ ራሴው ነገርኳት።